ኖቮኩዝኔትስክን ያሳደጋት ባቡር ነው ወይስ ሌላ ነገር? (ከኮምቦልቻ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡ መልሶች)

ጥያቄ፦ የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በከተማችን የባቡር ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት ክርክር ይገጥመኛል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ሙሉ አገልግሎት የጀመረ ዕለት ከተማችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትልቅ የኢንዱስትሪ ከተማ ትሆናለች የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለዚህም በማስረጃነት የሚያነሡት በባቡር ሐዲድ ዳር ከምንም ተነሥተው ያደጉትን የሳይቤሪያ ከተሞች ነው። ሰሞኑን በአንድ የወጣቶች ውይይት ላይ ደጋግማ የተጠቀሰችው ኖቮኩዝኔትስክ ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ወደ 4 ሺህ ገደማ ሰው ብቻ የሚኖርባት ከተማ በ1939 ወደ 166 ሺህ ገደማ ነዋሪ እንደነበራት ተነገረን። ቁጥሩ አስደነቀኝ፤ ነገር ግን ምክንያቱ «ባቡር ገባላት» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መዘጋቱ አላረካኝም። ባቡር ብቻውን ይህን ማድረግ ከቻለ ሐዲድ ያለፈባቸው ሌሎች ብዙ ከተሞች ለምን እንደዚያ አላደጉም? ደግሞስ ያ ዕድገት በማን ላብ የመጣ ነው፤ ዛሬስ ከተማዋ በምን ሁኔታ ላይ ትገኛለች? ታሪኩን የምታውቁ፣ የብረት ሥራንም የምታውቁ ብታስረዱን ለሚቀጥለው ውይይታችን ትልቅ ስንቅ ይሆነናል።

መልስ፦ መምህር ዘደሴ

አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ ከሥሩ ልጀምርልህ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1618 ሲሆን መሥራቾቿ ከቶምስክ የተላኩ ኮሳኮች (የዛሩ ወታደሮች) ነበሩ። በቶም ወንዝ ዳር የእንጨት ምሽግ ሠርተው ኩዝኔትስክ ብለው ሰየሟት። በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት የሾር ሕዝቦች ብረት አቅልጠው በመቀጥቀጥ የታወቁ ነበሩ፤ ለሩሲያ ዛር (ንጉሥ) ግን የሚገብሩት በዋናነት የአውሬ ቆዳ ነበር። ስለዚህ ብረትም ሆነ ብረት ሠሪ በአገሩ የነበረው ከባቡሩ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። የድንጋይ ከሰሉም ቢሆን ድንገት የተገኘ አይደለም፤ ዛሬ ኬሜሮቮ በምትባለው ከተማ አካባቢ ሚካሂሎ ቮልኮቭ የተባለ ሰው የከሰል ክምችት ማግኘቱን ያሳወቀው በ1721 ነው። ይህም ሆኖ ኩዝኔትስክ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የነጋዴ፣ የቄስና የጥቂት ሹማምንት መኖሪያ ሆና ቆየች። ደራሲው ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1857 የመጀመሪያ ሚስቱን ያገባው በዚህች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተጠቀሰችበት ትልቁ ጉዳይ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ባቡሩ ልምጣ። የሳይቤሪያው ታላቅ የባቡር መስመር ግንባታ በ1891 ሲጀመር ሐዲዱ የተዘረጋው ከኩዝኔትስክ በስተ ሰሜን፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። መስመሩ የኦብን ወንዝ በሚሻገርበት ቦታ ለድልድዩ ሠራተኞች የተሠራው ሰፈር በ1893 ተቆርቁሮ ዛሬ ኖቮሲቢርስክ የምትባለው ታላቅ ከተማ ሆነ። ባቡር ከተማን ይወልዳል የሚሉ ወገኖች ኖቮሲቢርስክን ቢጠቅሱ ያስኬዳቸዋል፤ ምክንያቱም እዚያ የወንዝ መርከብና ባቡር ተገናኝተው ዕቃ የሚገላበጥበት ቦታ ተፈጥሯል። የኖቮኩዝኔትስክ ታሪክ ግን ሌላ ነው። እሷ ዘንድ የመጣው ሐዲድ ከዋናው መስመር የተገነጠለ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ የተዘረጋውም ከሰሉን ፍለጋ ነው። በ1912 የፈረንሳይ ገንዘብ ያለበት ኮፒኩዝ የተባለ የማዕድን ኩባንያ ተቋቁሞ ከሰል ማውጣት፣ ሐዲድ መዘርጋትና የብረት ማቅለጫ መትከል በአንድ ዕቅድ ይዞ ተነሣ። የማቅለጫውን ንድፍ እንዲሠራ የተቀጠረው ሚካኢል ኩራኮ በዘመኑ በብረት ማቅለጥ ሙያ ስሙ የገነነ መሐንዲስ ነበር። አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ ሁሉንም አቋረጡት፤ ኩራኮም በ1920 በታይፈስ በሽታ ሞተ። ባቡሩ፣ ከሰሉና ዕውቀቱ እዚያው ነበሩ፤ በ1926 ግን ነዋሪዋ ያልከው 4 ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመንግሥት ውሳኔ ነው። በመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ የኡራልን የብረት ማዕድንና የኩዝኔትስክን ከሰል የሚያገናኝ አንድ ግዙፍ ሥራ ታቀደና በ1929 የኩዝኔትስክ ብረታ ብረት ኮምቢናት (ግዙፍ ፋብሪካ) ግንባታ ተጀመረ። ንድፉ የተሠራው ፍሬይን በተባለ የቺካጎ የምህንድስና ድርጅት እርዳታ ሲሆን፣ ዋና መሐንዲሱ የኩራኮ ተማሪ የነበረው ኢቫን ባርዲን ነበር። የመጀመሪያው የቀለጠ ብረት የወጣው ሚያዝያ 3 ቀን 1932 ነው። በዚያው ዓመት ከተማዋ ስታሊንስክ ተባለች፤ ኖቮኩዝኔትስክ የሚለው ስም የተመለሰላት በ1961 ነው።

በማን ላብ ላልከኝ፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በፈቃዳቸው በሥራ ፍቅርና በተስፋ የመጡ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ግን «ቁላክ» (ሀብታም ገበሬ) ተብለው መሬታቸውና ከብታቸው ተወስዶባቸው፣ ቤተሰባቸውን እንደያዙ በግዞት የተላኩ ገበሬዎች በብዛት ሠርተዋል። የመሠረቱ ጉድጓድ የተቆፈረው በአብዛኛው በዶማና በአካፋ ሲሆን፣ አፈሩን የሚያወጡት በፈረስ ጋሪ ነበር። ሰዉ የሚያድረው በድንኳን፣ በሳንቃ ቤትና በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጎጆ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲወርድ ሲሚንቶው ሳይረጋ እንዳይቀዘቅዝ በሥራው ላይ የእንጨት ዳስ እየሠሩ፣ ውስጡን በእሳት እያሞቁ ኮንክሪት ያፈሱ ነበር። እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች አሉ። ከ4 ሺህ ወደ 166 ሺህ የወጣው ቁጥር ውስጥ ወዶ የመጣውም ተገዶ የመጣውም አብሮ ተቆጥሯል፤ ስለዚህ ያን የዕድገት ፍጥነት እንደ አርኣያ ስንጠቅስ ይህን ደብቀን ልንጠቅስ አይገባም።

መልስ፦ ሽቦ ሳቢው (ኮምቦልቻ)

መምህር የተናገሩት ላይ ከሙያዬ በኩል ልጨምር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በብረት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ኖቮኩዝኔትስክ ለእኔ በመጀመሪያ የከሰል ዓይነት ጉዳይ ናት። ድንጋይ ከሰል ሁሉ ብረት አያቀልጥም። ለማቅለጫ የሚሆነው ከሰል በጠባብና አየር በማያስገባ ምድጃ ውስጥ ተሞልቶ በ1000 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ከግማሽ ቀን በላይ ሲጋገር ጋዙና ሬንጁ ይወጣለትና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ጠንካራ፣ ግራጫ ነገር ሆኖ ይቀራል። ምድጃው ተከፍቶ እንደ ቀላ ሲገፋ ይወጣና ውኃ ሲፈስበት ሰማይ የሚሸፍን እንፋሎት ይነሣል። ይህ ኮክ የሚባለው ነው። በማቅለጫው ማማ ውስጥ ከማዕድኑና ከኖራ ድንጋዩ ጋር እየተነባበረ ሲገባ ሥራው ማንደድ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለውን ክብደት ሳይደቅቅ መሸከም አለበት፤ ኦክስጂኑንም ከማዕድኑ ነጥቆ ብረቱን የሚያወጣው እሱ ነው። ብዙ ከሰል ሲጋገር ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ የኩዝኔትስክ ተፋሰስ ከሰል ግን ይህን ሥራ የሚችል ጥሩ ከሰል በብዛት አለው። ከተማዋ የቆመችው በዚህ ላይ ነው።

የብረት ማዕድኑ ግን በመጀመሪያ ከሩቅ ይመጣ ነበር። ከኡራል፣ ከማግኒቶጎርስክ፣ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ማዕድን ይዞ የመጣው ባቡር ተራግፎ ከሰል ተጭኖበት ይመለሳል። የዚህን ነገር ብልሃት ልብ በሉልኝ፤ ፉርጎው ሲሄድም ሲመለስም ሙሉ ነው። እንዲህም ሆኖ ወጪው ከባድ ስለነበር ሁለቱም ከተሞች በቅርባቸው ምትክ ሲፈልጉ ኖሩ። ማግኒቶጎርስክ ከካራጋንዳ ከሰል ማስመጣት ጀመረች፤ ኩዝኔትስክ ደግሞ በአቅራቢያዋ ባለው የሾር ተራራማ አገር የቴሚርታውንና የታሽታጎልን ማዕድን አወጣች። ርካሽ የመሰለው ረጅም መንገድ ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ አይዘልቅም።

የጠያቂው ወንድሜ ልብ ያረፈበት ቦታ ኮምቦልቻ ስለሆነ አንድ ነገር ላሳየው። እኛ ዘንድ ሚስማር የሚሠራው እንዲህ ነው። የብረት ሽቦው በትልልቅ ጥቅል ከውጭ ተገዝቶ በጂቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ በከባድ መኪና ይመጣል። በአብዛኛው ስፋቱ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዝገቱ ከተወገደ በኋላ እየጠበበ በሚሄድ የብረት ቀዳዳ ተራ በተራ ይሳባል፤ እየቀጠነ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከዚያም ማሽኑ ቆርጦ፣ ጫፉን አሹሎ፣ ራሱን ቀጥቅጦ ይጥለዋል። ሥራው ክቡር ሥራ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አስተዳድሯል። ነገር ግን ከሰንሰለቱ የመጨረሻውን ቀለበት ብቻ ነው የያዝነው። ኖቮኩዝኔትስክ ከሰሉን፣ ማዕድኑን፣ ማቅለጫውን፣ ብረቱንና ሐዲዱን በአንድ አውራጃ ውስጥ ይዛ ነው ያደገችው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ጥቅሉ አይመጣም፤ ጥቅሉ ካልመጣ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ቆሞ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠባቸውን ወራት በዓይኔ አይቻለሁ። ባቡሩ ቢገባ ያው ጥቅል በርካሽ ይደርሰናል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ከሰንሰለቱ ላይ አንድ ቀለበት እንኳ አይጨምርልንም።

ሌላው ሁልጊዜ የሚረሳው የሙያ ትምህርት ነው። ማቅለጫው ገና ብረት ሳያወጣ፣ በ1931፣ ከቶምስክ ተነሥቶ ወደ ግንባታው ቦታ የተዛወረ የብረታ ብረት ኢንስቲትዩት ነበር። ተማሪው ከማሽኑ አጠገብ ሆኖ ይማራል፣ መሐንዲሱም ወደ ክፍል ገብቶ ያስተምራል። ያ ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ አሁንም እዚያው አለ። እኛም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኮምቦልቻ አለን። ከእሱ የሚወጡት ልጆች ስንቶቹ በፋብሪካ ወለል ላይ ረጅም ልምምድ አድርገው እንደሚመረቁ ቢታሰብበት እኔ ከባቡሩ ይልቅ ተስፋዬን እዚያ ላይ እጥላለሁ።

የቦርከና ዳር (ጠያቂው)

መምህር፣ ጋሼ ሽቦ ሳቢው፣ እግዜር ያክብርልኝ። ነገሩ እየጠራልኝ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላስ እንዴት ሆነች? ደግሞም ከባሕር ይህን ያህል መራቋ ጎድቷት ይሆን?

መልስ፦ እመት ከሐርቡ

ጥያቄው ለመምህር የቀረበ ቢሆንም ከእሳቸው በፊት ስለ ጤና ጉዳይ ጥቂት ልበል። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ነኝ።

ኖቮኩዝኔትስክ በኮረብታዎች መካከል ባለ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በክረምት ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ሞቃታማው ከላዩ ሲከደንበት ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ በረዶውም ጥላሸት ይለብሳል። በሩሲያ አየራቸው ክፉኛ ከተበከለ ከተሞች መካከል ስሟ በየጊዜው የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። የከሰል ጉድጓዶቹም ሰው በልተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2007 በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኘው ኡሊያኖቭስካያ በተባለ የማዕድን ጉድጓድ በደረሰ የሚቴን ጋዝ ፍንዳታ 110 ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በዚያው አካባቢ ዩቢሌይናያ በተባለው ጉድጓድ 39 ሰዎች አለቁ።

ይህን የማነሣው ኮምቦልቻም በተራራ የተከበበች ሳህን ስለሆነች ነው። የእኛ ፋብሪካዎች ከዚያ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም ፍሳሻቸው ወደ ለዮሌና ወደ ወርቃ ወንዞች፣ ከእነሱም ወደ ቦርከና ሲገባ ዓመታት አልፈዋል። በታችኛው ተፋሰስ ያሉ ገበሬዎች በዚያው ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ፣ ከብትም ያጠጣሉ። ውኃው ቀለሙን ለውጦ፣ አረፋ ደፍቶ ሲወርድ እናቶች ልጆቻቸውን ከወንዙ ሲመልሱ አይቻለሁ። ሳይቤሪያ ውስጥ ማጣሪያው የታሰበው ከተማው ከተሠራ፣ ጭሱም በሰው ሳንባ ውስጥ ከገባ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በእኛ ግን ገና በጊዜ ነው፤ አዲስ ፋብሪካ ፈቃድ ሲጠይቅ የፍሳሽ ማጣሪያው ከግንቡ ጋር አብሮ ተሠርቶ ይታይ ማለት የሚቻልበት ወቅት ላይ ነን። በወጣቶቹ ውይይት ላይ ስለ ሐዲዱ በሚነገረው ልክ ስለ ለዮሌም እንዲነገር በጣም እለምናለሁ።

መልስ፦ መምህር ዘደሴ

እመት የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ወደ ጠያቂው ልመለስ።

ከተማዋን ለሁለተኛ ጊዜ ያሳደጋት ጦርነቱ ነው። ጀርመኖች በ1941 በምሥራቅ ዩክሬን ያለውን የዶንባስን የከሰል አካባቢ ሲይዙ ሶቪየት ኅብረት ዋናውን የከሰልና የብረት ምንጯን አጣች፤ ሸክሙም በኡራልና በኩዝኔትስክ ላይ ወደቀ። ለሐዲድ ብረት የተሠሩት ምድጃዎች ለታንክ የሚሆን ጥሩር ብረት እንዲያወጡ ተደረገ። ከዩክሬን ዛፖሮዢያ ተነቅሎ የመጣው የፌሮአሎይ (ብረት ሲሠራ የሚጨመር ቅይጥ) ፋብሪካ በ1942፣ የአሉሚኒየም ፋብሪካውም በ1943 መጀመሪያ ሥራ ጀመሩ። ከዚያም ከቀድሞው የሚበልጥ ሌላ የብረት ፋብሪካ፣ ምዕራብ ሳይቤሪያ የተባለው፣ ተሠርቶ የመጀመሪያ ማቅለጫው በ1964 ተለኮሰ። የሕዝቡ ብዛት በ1989 ወደ 600 ሺህ ደርሶ ነበር።

በዚያው በ1989 ሐምሌ ወር የከሰል ቆፋሪዎቹ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ከጎረቤቷ ሜዝዱሬቼንስክ ተነሥቶ ተፋሰሱን አዳረሰ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ሳሙና ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሰል ሲቆፍር ውሎ የወጣ ሰው የሚታጠብበት ሳሙና ከሱቅ ጠፍቶበት ነበር። አገሪቱን በብረትና በከሰል ያቆመ ሠራተኛ ይህን ማጣቱ ስለ ዕቅዱ ብዙ ይነግረናል፤ ቶን ሲቆጠር ሰው አልተቆጠረም።

ከ1991 በኋላ የመንግሥት ትዕዛዝ ሲቀር ከባሕር መራቋ ገሃድ ወጣ። ጠያቂው የገመትከው ትክክል ነው። የኩዝኔትስክ ከሰልና ብረት ወደ ውጭ ገበያ ለመድረስ በምሥራቅ ወደ ፓስፊክ፣ በምዕራብ ወደ ባልቲክ ወይም ወደ ጥቁር ባሕር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በባቡር መጓዝ አለበት። የዓለም የከሰል ዋጋ ሲወርድ የማጓጓዣው ወጪ ትርፉን ይበላዋል፤ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ ሐዲዱ ይጨናነቅና ባለ ማዕድኖቹ ለፉርጎ ወረፋ ይሻማሉ። የድሮው የ1932 ማቅለጫዎች ፈርሰዋል። በቀድሞው ኮምቢናት ግቢ የቀረው ዋናው ሥራ ሐዲድ ማምረት ሲሆን፣ ከ2013 ጀምሮ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ ይወጣበታል። ሁለቱ የብረት ፋብሪካዎች በ2011 ወደ አንድ ተዋሐዱ። ነዋሪዋም ቀንሶ በ2021 ቆጠራ ወደ 540 ሺህ ገደማ ሆኗል። ከተማዋ አልሞተችም፤ ነገር ግን ኑሮዋ በሁለት ሸቀጥ ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሁኔታ ከእነሱ ተቃራኒ ነው። ኮምቦልቻ በጣሊያን ወረራ ዘመን መስቀለኛ ከተማ የሆነችው የደሴና የአዲስ አበባ መንገድ በባቲ በኩል ወደ አሰብ ከሚወርደው መንገድ ጋር ስለሚገናኝባት ነው። ከባሕር ያላት ርቀት ኖቮኩዝኔትስክ ካላት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በመኪና አንድና ሁለት ቀን ነው። ከሰሉም ማዕድኑም እንደነሱ ሊኖረን አይችልም፤ የውጫሌው ከሰል የሚነገርለት ቢሆንም ጋሼ እንደገለጹት ዓይነት ለማቅለጫ የሚሆን ኮክ አይወጣውም። ቦታችን ግን አለን። በ2017 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚህ የተተከለውም ለዚሁ ነው፤ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የደረሰበትን ዘረፋና ውድመት ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ለወጣቶቹ አንድ የሚሠራ ሥራ ብትሰጣቸው ደስ ይለኛል። ጋሼ እንዳሉት በኡራልና በኩዝኔትስክ መካከል የሚሄደው ፉርጎ በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ አንድ ሳምንት ተቀምጠው ወደ ወደብ የሚወርደው ከባድ መኪና ምን እንደጫነ፣ ስንቱ ባዶውን እንደሚወርድ ይቁጠሩ። የባቲን የሰኞ ገበያ ከብት፣ የቃሉን ማሾ፣ የፓርኩን ልብስና የሚስማሩን ሣጥን ለየብቻ ይመዝግቡ። ውጤቱን እዚህ ካቀረባችሁልን እኔና ጋሼ ከፉርጎ አቅም ጋር አስልተን እንመልስላችኋለን።